በራሪው የማን ልጅ ነው?

ኅዳር 9 ቀን 2002 ዓ.ም.፣ ከጧቱ ሦስት ሰዓት ከሩብ። ስልክ ተደወለልኝ። የደወለው ድሮ ቆቦ ያስተማርኩት፣ ዛሬ ደሴ የሚኖር ሰው ነበር። ስለ ጤናዬ ከጠየቀ በኋላ ዘውገ ትናንት ማረፉን፣ ቀብሩም ዛሬ ከቀትር በኋላ እንደሚፈጸም ነገረኝ። ለመድረስ የሚያስችል ጊዜ አልነበረም። ስልኩን ዘጋሁ። ያሰብኩት ግን ሞቱን አልነበረም፤ ቆቦ ቀበሌ አዳራሽ ውስጥ የድምፅ ማጉያውን ወደ አፉ አስጠግቶ ድምፅ ሳያወጣ የቆመበትን ምሽት ነበር።

ዘውገ ፊልም አሳይ ነበር። ከደሴ በተላከች አሮጌ መኪና ጄኔሬተር፣ የፊልም ማሳያ መሣሪያና እንደ ሸራ የሚዘረጋ ነጭ አቡጀዲ ጭኖ ከከተማ ከተማ የሚዞር የመንግሥት ሠራተኛ። ፊልሞቹ በባዕድ ቋንቋ ስለሆኑ ከአቡጀዲው ጎን ቆሞ፣ የሚታየውን ሁሉ በአማርኛ የሚተርከውም እሱ ነበር። አጭር፣ ደንዳና፣ ከደረቱ የሚወጣ ወፍራም ድምፅ ያለው ሰው ነው። እንግሊዝኛው የጥቂት ዓመት ትምህርት ቤትና የብዙ ዓመት ፊልም ድምር ነበር፤ ግማሹን ይሰማል፣ ግማሹን ይገምታል። የሚገምት ጊዜ ኮፍያውን ወደ ኋላ ገፋ ያደርጋል። ይህን ምልክት ከእኔ በስተቀር ያስተዋለ ሰው የነበረ አይመስለኝም። እኔ በከተማው ትምህርት ቤት የእንግሊዝኛ መምህር ነበርኩ፤ የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ ስላለኝ ዘውገ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ «ፕሮፌሰር» እያለ ያሾፍብኝ ነበር።

በ1979 ዓ.ም. ዝናቡ እንዳባራ መኪናዋ ቆቦ ደረሰች። ወዲያው ከወልድያ በሚያመጣው መንገድ ላይ ተኩስ ተሰማና ያለ ወታደር አጀብ ማንም እንዳይንቀሳቀስ ተከለከለ። ዘውገም ከነመኪናው እኛው ዘንድ ታግቶ ቀረ። በእጁ የነበረው ፊልም አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የመጀመሪያው ጥቅል የጎደለው። ርእሱን፣ የሠሪዎቹን ስምና የታሪኩን መነሻ የያዘው ጥቅል ቀደም ሲል በመሣሪያው ሙቀት ተቃጥሎ ነበርና የፊልሙን ስም እኔም ሆንኩ እሱ አናውቅም። የቀረው ክፍል የሚጀምረው አረንጓዴ ጠባብ ልብስ የለበሰ፣ ከትከሻው ግራጫ ካባ ያንጠለጠለ ሰው ከአንድ ሕንፃ ጣሪያ ተነሥቶ ሲበር ነው። ደረቱ ላይ አንድ ክብ አለ፤ በክቡ ውስጥ እንደ እባብ የተጠማዘዘ መስመር። ጥይት ሲመታው ይነጥራል። የሚወድቅ ድልድይ በትከሻው ይደግፋል።

በየገበያው ዕለት፣ ለዓይን ያዝ ሲያደርግ፣ ይኸው ፊልም ይታይ ነበር። የመጀመሪያው ምሽት በደንብ ትዝ ይለኛል። አዳራሹ ከዋጃ፣ ከሮቢትና ከጎብዬ ለገበያ መጥተው ያደሩ ገበሬዎች ሞልተውታል። ሰውዬው ብድግ ብሎ ሲበር አንድም ሰው አልጮኸም። ሁሉም ፀጥ አለ፤ ፀጥታውም የአድናቆት አልነበረም። ከመካከል አንድ ሽማግሌ ዱላቸውን ተደግፈው ተነሡና፣ ረጋ ባለ ድምፅ፣ «አንተ ዘውገ፣ ይኼ ሰው የማን ልጅ ነው?» ሲሉ ጠየቁ። ሌላው ቀጠለና አገሩ ወዴት እንደሆነ ጠየቀ። ለእነዚያ ሰዎች ሰው መብረሩ ያን ያህል አላስጨነቃቸውም፤ ያስጨነቃቸው ወገኑ ያልታወቀ ሰው በላያቸው መብረሩ ነበር። ዘመኑ ማን ከማን ወገን እንደሆነ ካልታወቀ በር የማይከፈትበት ዘመን ነበርና።

መልሱ የነበረው በተቃጠለው ጥቅል ውስጥ ነው። ዘውገ ኮፍያውን ወደ ኋላ ገፋ አደረገ። አባቱ እንደሞተ፣ እናቱ ግን በሩቅ አገር በሕይወት እንዳለች ተናገረ።

«ደረቱ ላይ ያለውስ?» አለች አንዲት ሴት ከኋላ።

«ከቤት ሲወጣ እናቱ የሰፋችለት ነው» አለ ዘውገ። «በደህና እንዲመለስላት።»

በአዳራሹ ውስጥ ትንፋሽ ሲለቀቅ ተሰማኝ። ከዚያ በኋላ በራሪው የሁሉም ሆነ። ዘውገም ልቡ ሞቀ መሰለኝ፣ ፊልሙ ውስጥ የሌለውን ሁሉ ጨመረበት። ከደመና በላይ ሲወጣ ብርዱ አጥንቱን ዘለቀው፤ ካባውን የሳበው ለዚህ ነው። ከጧት ጀምሮ እህል አልቀመሰም። ቁልቁል ሲያይ ያዞረዋል፤ ለማንም ግን አይናገርም።

በማግሥቱ ሻይ ቤት ቁጭ ብለን ተከራከርን። እኔ የያዝኩት አቋም ግልጽ ነበር። ተረት ተረት ሆኖ መቅረት አለበት፤ ሰው እንደማይበር ሁሉም ያውቃል፣ ስለሚያውቅም ሲበር አይቶ ተደስቶ ወደ ቤቱ ይገባል። እውነተኛ ብርድና እውነተኛ ረኃብ ስትጨምርበት ግን ወሰኑ ይጠፋል፤ የትኛው የተፈጠረ፣ የትኛው የሆነ ነገር እንደሆነ ሰው መለየት ይቸግረዋል አልኩት። ዘውገ ሻዩን እያማሰለ እስከ መጨረሻው ሰማኝ።

«ይብረር» አለ። «እኔ መቼ አትብረር አልኩት፣ ፕሮፌሰር? ግን ሲበር ይብረደው። ብርድ የማይሰማው ሰው አንድ ቀን ቢሞት ማን ያለቅስለታል?»

ዛሬም ይኸው ክርክር በቤቴ አለ። ሁለቱ የልጅ ልጆቼ እንዲህ ያሉትን ፊልሞች ያያሉ። አንዱ ጀግናው የሚደማበትን፣ የሚያዝንበትን፣ ከተማውም የምር ከተማ የሚመስልበትን ይመርጣል፤ ሌላዋ እንዲህ ያለውን ለማየትማ መንገድ ላይ መውጣት ይበቃል፣ ፊልም ከሆነ አይቀር ሰማዩም ይቀደድ ትላለች። ማን ልክ እንደሆነም እኔን ይጠይቁኛል። ቆቦ ላይ ግን ክርክሩ የጣዕም ጉዳይ አልነበረም፤ ሰው የሚታሰርበት ጉዳይ ነበር።

በዚያው ወር ለብሔራዊ ውትድርና ወጣቶች ከየገበሬ ማኅበሩ ይሰበሰቡ ጀመር። መኪና እስኪመጣ የሚቆዩት በእኛው ትምህርት ቤት ግቢ ነው። ትምህርቱ አልተቋረጠም፤ በመስኮት በኩል የቀድሞ ተማሪዎቼ መሬት ላይ ተቀምጠው እያየኋቸው ስለ ግሥ አስተምር ነበር። እናቶቻቸው ከአጥሩ ውጭ ይውላሉ።

አንድ ቀን ከሮቢት ማሽላ እያመጣች የምትሸጥ ዘሐራ የምትባል ሴት ከበሩ ጠብቃ አቆመችኝ። አንድ ልጇ ሰይድ ግቢው ውስጥ ነበር። የፈለገችው በበራሪው ደረት ላይ ያለውን ምልክት በወረቀት እንድሥልላት ነው። ዘውገን ጠይቃው እምቢ እንዳላት፣ ነገሩ ጨዋታ ነው ብሎ እንደሸኛት ነገረችኝ። እኔም ያንኑ ደገምኩላት። ሰውዬው በገመድ ታስሮ እንደሚንጠለጠል፣ ጥይቱም የውሸት እንደሆነ በትዕግሥት አስረዳኋት። ዘሐራ እንደ ሞኝ አየችኝ።

«መምህር፣ ውሸት የሚያወራ ሰው ብርድ ይጨምራል?» አለች። «ውሸታም ቢሆን ብርድም አይነካው፣ ረኃብም አይነካው ይል ነበር። ዘውገ የደበቀው ነገር አለ፤ ማን እንዳስደበቀው አላህ ይወቅ።»

ወረቀቱን አልሣልኩላትም። አላስፈለገም፤ ምልክቱ አስቀድሞ በሴቶቹ ዘንድ ከእጅ ወደ እጅ ይዞር ነበር። የሰፉት በሸሚዝ ላይ አልነበረም። ማሠልጠኛ ሲደርሱ የደንብ ልብስ እንደሚሰጣቸው፣ ሸሚዙም እንደሚወረወር አስበው ከውስጥ ካናቴራ ላይ፣ በልብ በኩል፣ በቀይ ክር ነበር የሰፉት። ክርስቲያኑም እስላሙም እኩል። ከታቦትና ከዱዓ ጎን ለጎን፣ እናት ለልጇ ያደረገችው ነገር ሆኖ ገባ።

ከዚያ አንድ ዘበኛ ልጆቹ ሲታጠቡ አየ።

በማግሥቱ ጧት ልጆቹ በሙሉ ልብሳቸውን አውልቀው ፀሐይ ላይ ተሰለፉ። ካናቴራዎቹ በግቢው መካከል ተከመሩ። የፖለቲካ ኃላፊው፣ ጓድ ፍሥሐ የሚሉት፣ በዱላ ጫፍ እያነሣ አንድ በአንድ ተመለከታቸው። ከየአቅጣጫው ከመጡ፣ እርስ በርሳቸው ከማይተዋወቁ ልጆች ልብስ ላይ አንድ ዓይነት ምስጢራዊ ምልክት ተገኝቷል። ይህን ለማሰብ ብዙ ብልጠት አያሻም ነበር፤ ጫካ የገቡት የአማፅያኑ ምልክት ነው ተባለ። ከተማው አንደበቱን ሰበሰበ። ሻይ ቤቱ ቶሎ ይዘጋ ጀመር። የሒሳብ መምህሩ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ክብ መሣል አቁሞ ስለ ክብ በቃሉ ብቻ ያስረዳ ነበር። የፎጣ ጥልፍ የሚሸጡ ሴቶች ቀይ ክራቸውን ከመደብር አነሡ። እኔ ማታ ማታ የመኪና ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ከቤቴ በር ፊት ቆሞ እንዳይሆን አደምጥ ነበር፤ መኪናው ሲያልፍ በሌላ ሰው በር መቆሙን እያወቅሁ እፎይ እላለሁ።

ወደ ዘውገ ለመድረስ ሁለት ቀን አልፈጀባቸውም። እኔንም እንግሊዝኛ አዋቂ ነው ብለው ጠሩኝ። ፊልሙ በቀን፣ የአዳራሹ መስኮቶች በብርድ ልብስ ተሸፍነው፣ ለጓድ ፍሥሐና ለሁለት ባልደረቦቹ ብቻ እንዲታይ ታዘዘ። ዘውገ ፊልሙን በመሣሪያው ጥርሶች ላይ አስገባ። ለሕዝቡ የተናገረውን ሁሉ ቃል በቃል እንዲደግመው ተነገረውና ደገመው፤ ብርዱን፣ ረኃቡን፣ ማዞሩን። እናቱ ላይ ሲደርስ ጓድ ፍሥሐ እጁን አነሣና መሣሪያው ቆመ።

ወደ እኔ ዞሮ ፊልሙ ስለ እናት ይናገር እንደሆነ ጠየቀኝ። በቀረው ክፍል ስለ እናቱ የተነገረ ነገር እንደሌለ፣ ነገር ግን የመጀመሪያው ጥቅል ስለሌለ ጭራሽ አልተነገረም ለማለት እንደማልችል መለስኩ። ይህ እውነት ነበር። ጓድ ፍሥሐ አልወደደውም። ወደ ዘውገ ተመለሰ።

«እናት እንዲኖረው ማን አዘዘህ?»

«ማንም አላዘዘኝም፣ ጓድ። ሰዎቹ የማን ልጅ ነው ብለው ጠየቁኝ። እኔ ነኝ የፈጠርኳት።»

«ምልክቱን ማን ማን ሰፋ? ስማቸውን ንገረኝ።»

«እንዴት ብዬ አውቃለሁ፣ ጓድ? እኔ ስተርክ ፊቴ ወደ ሸራው ነው። ጀርባዬን ነው ለሕዝቡ የምሰጠው።»

ከዚያ ወዲያ ስለ ስም አልጠየቀውም፤ ለምን እንደተወው አላውቅም። ፍርዱን ግን ወዲያው ሰጠ። በመጪው የገበያ ዕለት፣ ልጆቹ በሚጫኑበት ዕለት ዋዜማ፣ እናቶችም ልጆችም ባሉበት ፊልሙ ይታያል። ዘውገ ሰውዬው በገመድ እንደተንጠለጠለ፣ እናት የሚባል ነገር እንደሌለ፣ ምልክቱ ተራ ቀለም እንደሆነና ጥይት ማንንም ሰው እንደሚገድል በድምፅ ማጉያው ይናገራል። ካልተናገረ የምልክቱ ባለቤት እሱ ነው ማለት ነው። የምልክቱን ባለቤት ምን እንደሚጠብቀው መናገር አላስፈለገውም።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ቀላል ነበር። ስንወጣ ልጆቹን ለመረከብ የመጣው ሻምበል ከበሩ አጠገብ ቆሞ ይሰማ ኖሯል። ጓድ ፍሥሐ እስኪርቅ ጠበቀና ዘውገን በክንዱ ያዘው። ድምፁ ዝቅ ያለ፣ ጨዋነት የተሞላበት ነበር።

«ስማኝ፣ ወንድሜ። በማግሥቱ ለማሳፍራቸው ልጆች ጥይት ይገድላል ብለህ ብትሰብክና መንገድ ላይ አንድ ልጅ ቢጠፋብኝ ከአንተ ነው የምፈልገው።»

ይህን ብሎ ሄደ። ዘውገ ክንዱን እያሻሸ ቆመ። ሁለቱ ባለ ሥልጣኖች እርስ በርሳቸው እንዲነጋገሩ ለማድረግ የሚደፍር ሰው በቆቦ አልነበረም። እኔ ስለ ገመዱ ተናግሮ ስለ ጥይቱ ዝም እንዲል መከርኩት። ራሱን ነቀነቀ። ገመዱን ካወራሁ ጥይቱ ራሱ ይከተላል አለኝ፤ የሚንጠለጠል ሰው ጥይት ሲነጥርለት ማን ያምናል? በእነዚያ ቀናት ሻይ አዝዞ ሳይቀምሰው ይነሣል። ባለቤቱ ደሴ ናት፤ ለእሷ መልእክት ለመላክ ያስብና ምን ብሎ እንደሚጀምር ይቸገራል።

የገበያው ዕለት መሸ። ልጆቹ ከፊት ወለሉ ላይ ተቀመጡ፤ አዲስ ካናቴራ ተሰጥቷቸዋል። እናቶች ከኋላ ቆመዋል። ጓድ ፍሥሐ በቀኝ፣ ሻምበሉ በግራ ወንበር ያዙ። ጄኔሬተሩ ከውጭ ይንደቀደቃል። በራሪው ከጣሪያው ተነሣ።

ዘውገ ማጉያውን ወደ አፉ አስጠጋ። ምንም አልመጣም። ሲተነፍስ ብቻ በማጉያው ውስጥ ይሰማ ነበር። በራሪው ደመናውን ሰነጠቀ፣ ወረደ፣ ድልድዩን ደገፈ። እንግሊዝኛው ለማንም ሳይሆን ይፈሳል። ከልጆቹ አንዱ፣ ጋሽ ዘውገ ምላሱን ገበያ ሸጦት ነው አለና ጥቂቶቹ ሳቁ፤ ሳቁ ወዲያው ሞተ። ጓድ ፍሥሐ ጉሮሮውን ጠረገ። ሻምበሉ አልተንቀሳቀሰም። ጠመንጃ የያዙት ሰዎች በአቡጀዲው ላይ ብቅ ሲሉ ዘውገ ማጉያውን ቀስ ብሎ ከአፉ አወረደና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ፊቱ ላይ ላብ ይወርድ ነበር።

ከኋላ፣ ከጨለማው፣ የሴት ድምፅ ተሰማ።

«አሁን አያቸው። ፈርቷል፤ ግን አይሸሽም።»

በአቡጀዲው ላይ ተኩሱ ተጀመረ።

«መታው። አመመው። ወላሂ አመመው፤ አፉን የያዘው እናቱ እንዳትሰማ ነው።»

ድምፁ የዘሐራ እንደሆነ ያወቅሁት ከፊት ልጇ ሰይድ ራሱን በጉልበቱ መካከል ስለ ቀበረ ነው። «እማ፣ በቃሽ» ሲል ሰማሁት፤ ለራሱ ያህል። ጓድ ፍሥሐ ተነሥቶ ወደ ኋላ ዞረ። ከመሣሪያው የሚወጣው ብርሃን ዓይኑን መታው፤ ከብርሃኑ ጀርባ ሴቶቹ ሁሉ ነጠላቸውንና ሻርፓቸውን እስከ ዓይናቸው ስበው አንድ ጨለማ ሆነው ቆመዋል። ማን ነው የሚናገረው ብሎ ጠየቀ። በዚያው ቅጽበት ከሌላ ማዕዘን ሌላ ሴት፣ ክርስቲያን ሴት፣ ደከመው፣ ይቀመጥ ነበር ግን የሚቀመጥበት የለም አለች። ሦስተኛዋ ውኃ የሚሰጠው እንኳ መጥፋቱን ተናገረች። እንዲህ እየተቀባበሉ፣ አንዳቸውም ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ፣ ፊልሙን እስከ መጨረሻው ተረኩት። ጥይት ይገድላልም አላሉም፣ አይገድልምም አላሉም። በመጨረሻ በራሪው እየራቀ ነጥብ ሆኖ ሲጠፋ ዘሐራ፣ «የሚሄደው ወደ ቤቱ ነው» አለች። ፊልሙ አለቀና አቡጀዲው ነጣ።

በማግሥቱ ጧት ልጆቹ ተጫኑ። መኪኖቹ ወደ ደቡብ ሲንቀሳቀሱ ዘውገ በመጨረሻው መኪና ላይ፣ በሁለት ታጣቂዎች መካከል፣ ተቀምጦ አየሁት። ኮፍያው አልነበረውም። ወልድያ ጥቂት ወራት ታስሮ እንደተፈታ፣ ደሴም ሲመለስ ዕቃ ግምጃ ቤት እንደተመደበ ሰማሁ። ከሴቶቹ የተነካ አልነበረም፤ ጓድ ፍሥሐ አዳራሹን ሁሉ ለማሰር የሚበቃ እስር ቤት አልነበረውም። እኔም በዓመቱ ተዛወርኩ።

ከዘውገ ጋር ዳግመኛ የተገናኘነው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ መንግሥት ከተለወጠ በኋላ፣ ወልድያ አውቶቡስ ተራ። አርጅቶ ነበር፤ ድምፁ ግን ያው ነው። ፊልም ማሳየቱን ለምን እንደተወ ጠየቅሁት፤ በግምጃ ቤቱ አይጥ ብቻ ነው የሚያስቸግረኝ ብሎ ሳቀ። ከዚያ በዚያ ምሽት ለምን ዝም እንዳለ ጠየቅሁት። ለሁለቱም ጌቶች ላለመታዘዝ ብሎ ይሆን፣ ለእናቶቹ ብሎ ይሆን፣ ወይስ ፈርቶ?

«አፌ ደርቆ ነበር፣ ፕሮፌሰር» አለኝ።

አውቶቡሱ ጥሩምባ ነፋና ሳንጨርሰው ተለያየን።

ሳይፈቱ የቀሩትን ነገሮች እንደሚከተለው አኖራለሁ። ዘውገ እውነቱን ነግሮኝ እንደሆነ አላውቅም። ዘሐራ ከዚያ በኋላ በቆቦ ገበያ ማሽላ ስትሸጥ ያየኋት እኔ እስከ ተዛወርኩበት ጊዜ ድረስ ነው። ሰይድ ተመልሶ እንደሆነ ግን ብዙ ሰው ጠይቄ የሚነግረኝ አላገኘሁም።